ሲናር ዘሪዋ ደብሪቱ

በላስታ ደጋ ገበሬን ከሌባ ቀጥሎ የሚያመው ስድብ «ሲናር ዘሪ» መባል ነው። ሲናር ገብስ መስሎ ገብስ መሀል የሚበቅል አረም ነው፤ ቁመናው ከገብሱ ያምራል፣ ፍሬው ግን ቀጭን ነውና ጎተራ አይሞላም። ደህና ገበሬ ሲያርም ይነቅለዋል፣ ደህና ሚስት ዘር ስትለቅም ታወጣዋለች። ማሳው ላይ ሲናር አሽቶ የተገኘበት ሰው ጎረቤቱን ሁሉ እንደበደለ ይቆጠራል፣ ፍሬው ረግፎ ወደ ሰው ማሳ ይሻገራልና። ከአሸተን ማርያም በታች የምትኖረው ደብሪቱ ግን ሲናርን አውቃና መርጣ፣ መደብ አበጅታ የዘራች ሴት ናት። ሲሰድቧት ሰማች፤ አላፈረችም። ኋላ ላይ «የሲናር ዘሪዋ ቤት የቱ ነው?» የሚል እንግዳ ሲመጣ እንኳ «እኔው ነኝ፣ ግባ» ማለት ልማዷ ሆነ።

ነገሩ የተጀመረው በመሬት ክፍፍሉ ዘመን ነው። ደርግ መሬቱን ለአራሹ ብሎ ባወጀ ማግሥት፣ በየቀበሌው የገበሬ ማህበር ሲቋቋም፣ ደብሪቱ ባሏን ሸጋውን ተስቦ ከወሰደባት ብዙም አልቆየችም ነበር። ልጅ አልነበራትም። የነበራት አንዲት ላም፣ ሁለት የጠላ ጋንና ምላሷ ብቻ። የማህበሩ ሊቀመንበር ሆኖ የተመረጠው የባሏ ታላቅ ወንድም አረጋ ነው። አረጋ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወንበር ያገኘ ሰው ነበር እንጂ። መሬቱ በዕጣ ይከፈላል ተባለ። ዕጣውም አይን ያለው ይመስል ጥቁሩንና ለሙን መሬት ለባለ ጥማድ፣ ቀዩን ዳገት ባል ለሌላት ሴት ሰጠ።

ያን ዳገት የአካባቢው ሰው «እምቢ ባይ» ነበር የሚለው። ገብስ ሲዘሩበት ስንዝር ሳይሞላ ይቀራል፣ ባቄላ ሲዘሩበት ቢጫ ሆኖ ይሞታል። ፍግ ቢያለብሱት አመስጋኝ አይደለም። ዝናብ አነሰው እንዳይባል ከአሸተን የሚወርደው ጎርፍ ሁሉ መንገዱ በእሱ ላይ ነው። ዕጣው የወጣ ቀን ሰዎቹ «ለደብሪቱማ ይስማማታል፣ ሁለቱም እሺ አያውቁ» ብለው ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀችና «ማን ቀድሞ እንደሚታክተው እናያለን» አለች። ልቧ ግን በሽቆ ነበር። ያን ሌሊት የባሏን ሞፈር አቅፋ አለቀሰች የሚሉ አሉ፤ እሷ ግን ውሸት ነው ትላለች።

ጥቂት ዓመት በጠላ ኖረች። ለገና ወደ ላሊበላ የሚጎርፈው ተሳላሚ በደጇ ሲያልፍ ጠጥቶ ያልፋል፤ በቀረው ጊዜ የመንደሩ ማህበርተኛ ያስጠምቃታል። አተላውን ሻሼ ትበላለች። ሻሼ ላሟ ናት፤ ግንባሯ ነጭ ስለሆነ ሻሽ ያሰረች ትመስላለች። አባቷ ሲድሯት በጥጃነቷ የሰጧት ናት፤ ከሸጋው ይልቅ ከሻሼ ጋር የኖረችው ዘመን ይበልጣል። ስታልባት ታወራታለች፣ ሻሼም ጆሮዋን ጣል አድርጋ ታዳምጣለች። ደብሪቱን ሳያቋርጣት የሚሰማት ፍጥረት እሷ ብቻ ነበረች።

በዚህ መሀል ታፈረ የሚባል የግብርና ልማት ሠራተኛ መጣ። የቆላ ልጅ ነው፤ የደጋው ብርድ ክረምት ከበጋ አፍንጫውን ያስጠርገዋል። ይዞት የመጣው አጃ ነበር፣ ለከብት መኖ የሚሆን አዲስ ዘር። «መሬት ስጡኝና ልሞክረው» ቢል ማን ይስጠው? «ሰው ሳይጠግብ ለከብት ሊዘራ!» ብለው ሣቁበት። ደብሪቱ ግን ጠርታ ጠላ ቀዳችለትና «ከእኔ ዳገት የሚብስ ስለሌለ ከዚያ ጀምር፤ እዚያ ከወደቅህ ሌላ ቦታ መውደቅ አያሳፍርህም» አለችው።

አጃው በቀለ፤ ስንዝር ሆነ፤ ከዚያ ቢጫ ሆኖ ቀጥ አለ። ታፈረ ተቀምጦ በቢላ አፈሩን ፈልፍሎ አንዱን ከነሥሩ አወጣና በውሃ አጠበው። ሥሩ አጭር፣ ወፍራም፣ ጫፉም እሳት እንደነካው ክር የጠቆረ ነበር። ሌላም አወጣ፣ ያው ነው።

«እትዬ ደብሪቱ፣ አፈሩ አሲዳማ ነው» አላት። «ኮምጣጣ ማለት ነው። አፈር ሲኮመጥጥ እውስጡ ተኝቶ የሚኖር ብረት ይነቃል። በውሃው ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ያቃጥለዋል። ሥሩ ወደታች መውረድ ስለማይችል ተክሉ ውሃ ላይ ቆሞ በጥም ይሞታል።»

«ምን የሚሉት ብረት ነው?»

«አሉሚኒየም ይባላል። ገበያ የሚሸጠው ነጩ ድስት የሚሠራበት።»

ደብሪቱ አፈሩን ቆንጠር አድርጋ ቀመሰችው፣ እንትፍ አለችና «ድስት ድስት አይልም» አለች። ከዚያ ግን ቁምነገሯን ያዘች፤ «መድኃኒት የለው?»

«ኖራ ቢነሰነስበት ይሻለው ነበር። ይህን ዳገት ብቻ ለማዳን የሚያስፈልገውን ኖራ ግን መኪና በማይገባበት አገር ማን ተሸክሞት ይመጣል? ሌላው መንገድ መሬቱን ትቶ እህሉን መለወጥ ነው። ሥሩ የማይቃጠል ተክል ከብዙው መሀል መፈለግ፣ የእሱን ዘር መዝራት፣ ከዚያም እንደገና መምረጥ። ዓመታት ይፈጃል።»

«እኔ ወዴት እሄዳለሁ?» አለች ደብሪቱ።

በመንደር ወሬ አያድርምና በማግሥቱ «በደብሪቱ መሬት ብረት አለ» ተባለ። አረጋ ሰዎች አስከትሎ አካፋና ዶማ ይዞ ደረሰ። ከመሬት በታች ያለ ሀብት ሁሉ የመንግሥት ነው ብሎ አዋጅ ጠቀሰ። ታፈረ «ጓድ ሊቀመንበር፣ በዓይን የሚታይ ብረት አይደለም» ብሎ ቢለምነው «አንተ ልትደብቀው ነው» አለው። ዳገቱ መሀል ሰውን እስከ አንገቱ የሚውጥ ጉድጓድ ቆፈሩ። ቀይ አፈር ወጣ፤ ከቀዩ አፈር በታች ሌላ ቀይ አፈር ወጣ። አረጋ ላቡን ጠርጎ፣ ጉድጓዱን እንኳ ሳይደፍነው ሄደ። ደብሪቱም «እንዳትደፍኑት፤ የመንግሥት ነው» ብላ ሸኘቻቸው።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ነው የዚያ ዓመት ነገር የተገለጠላት። ታፈረ የሞተውን አጃውን እያየ አንገቱን ደፍቶ ነበር። በቢጫው መሀል አልፎ አልፎ አረንጓዴ የቆመ ነገር አየች፤ ሲናር ነው፣ ሳትዘራው የበቀለ። እጇ እንደልማዱ ሊነቅል ተዘረጋና ቆመ። ዙሪያውን በዝግታ ፈለፈለችው። ሥሩ ነጭ ሆኖ፣ ሳይቆለመም፣ መዳፍ የሚያህል ወርዶ ነበር።

«ታፈረ፣ ያንተ እንግዳ ሞቶ የእኔ አረም ቆሟል» አለችው።

ታፈረ ተንበርክኮ አየና መሳቅ ጀመረ። «ሲናርና አጃ እኮ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው። ላም ሁለቱንም ትበላለች። ከዚህ እንነሳ!» አለ። ያኔ ነው ደብሪቱ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የሲናር ዘር ለቅማ ያስቀመጠችው።

ችግሩ መምረጡ ነበር። እፍኝ ሙሉ ዘር ውስጥ የትኛው ሥሩ እንደሚበረታ በዓይን አይታወቅም። ታፈረ እንዳላት በምርምር ጣቢያ ዘሩን መርዙ፣ ያ ብረት፣ በተጨመረበት ውሃ ያበቅሉታል፤ ሥሩ ያጠረውን ጥለው የረዘመውን ይይዛሉ። ግን ኬሚካሉም ዕቃውም በእጁ የለም።

«ቆይ፣ ማብቀል ነው የምትለኝ?» አለች።

«አዎ፣ ማብቀል።»

«እንግዲያ ብቅል ነዋ።»

ደብሪቱ ከልጅነቷ ጀምሮ ብቅል ያበቀለች ሴት ናት። ገብሱን መዘፍዘፍ፣ በቅጠል መጠቅለል፣ ድንጋይ መጫን፣ ገልጦ ሥሩን አይቶ ደርሷል አልደረሰም ማለት የዘወትር ሥራዋ ነው። ከዳገቱ ቀዩን አፈር አምጥታ በጥብጣ አጠለለች፤ በዚያ ውሃ የሲናሩን ዘር ዘፈዘፈች፤ ከዚያም በአፈሩ ጭቃ መሀል በቅጠል ጠቀለለችው። ስትገልጠው አብዛኛው ሥሩ ዱልዱም ነበር። ከመሀሉ ግን ጥቂቱ ነጭና ቀጥ ያለ ሥር አውጥቷል። ታፈረ ደስ ብሎት «የእርስዎ ብቅልና የእኔ ብረት ዛሬ ተጋቡ» አለ። ታፈረ በየትኛውም ትምህርት ቤት ቢማር ይህን ለብቻው አያገኘውም፤ ደብሪቱም ብቅሏን ይዛ ለብቻዋ ብትኖር አንድ ሺህ ዓመት ጠላ ነው የምትጠምቀው። ሁለቱ ሲገናኙ ነው የሆነው፤ እሷም ይህንኑ ትናገራለች።

የመጀመሪያው ምርጫ ግን ሳይተከል ቀረ። የተመረጠው ዘር ታጥቦ በቅጠል እንደተጠቀለለ ደብሪቱ ወገል ጤና ያለ ዘመድ ሞቶባት ለቅሶ ሄደችና ሰነበተች። ጎረቤቷ አሰለች ልበ ቀና ናት፤ እጇ ግን ከልቧ ይቀድማል። ጋን ልትዋስ ገብታ ጥቅሉን ገልጣ አየችው። ሥሩ ረዝሟል፤ አንድ ሁለት ቀን ቢውል ይሻግታል። ብቅል ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? የማርያም ማህበርም ደርሷል። ለጎረቤቷ የደረሰችላት መስሏት አውጥታ ፀሐይ ላይ አሰጣችው፣ ሲደርቅ ፈጭታ ከራሷ ብቅል ቀላቀለችው፣ ጠመቀችው።

ደብሪቱ የተመለሰችው በማህበሩ ዕለት ነበር። መምሬ ሀብተ ሥላሴ ባርከው ጎንጨት አሉና «የዛሬው ጠላ ሲናር ሲናር ይላል፤ ግን ክፉ አይደለም» አሉ። አረጋ ሦስተኛ ዋንጫውን አስቀዳ። ደብሪቱ ጠላው ሲናር ሲናር የሚለው ለምን እንደሆነ ስትሰማ፣ የክረምት ሙሉ ልፋቷ በማህበርተኛው ሆድ ውስጥ እንደገባ ገባት። አሰለች ፊቷን በነጠላ ሸፍና «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ እኮ የምለቅመውም አላስቀረሁ» ብላ ተንሰቀሰቀች። ደብሪቱ በንዴት ገረጣች። ቀጥሎ ደግሞ ሳቅ ያዛት። «አባቴ፣ አንቱም ሥሩ የበረታውን ነው የጠጡት፤ ሰማንያ ዓመት ይቆማሉ» አለቻቸው መምሬን። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሰለች ቀኝ እጇ ሆነች፤ ያን በደል ለመካስ ነው መሰል፣ ከደብሪቱ ብሳ የሲናር ዘብ ሆነች።

ለመዝሪያ የቀረው ያልተመረጠው ዘር ብቻ ነበርና ከእሱ ጀመሩ። ከክረምት ክረምት፣ በብቅል መርጦ መትከል፣ ካሸተው መሀል ደግሞ ትልቁን መልቀም፣ እንደገና በብቅል መፈተን። ታፈረ ወደ ሌላ አውራጃ ሲዛወር «እንዳያቋርጡ» አላት። «የጀመርሁት እኔ፤ የምጨርሰውም እኔ» አለችና የሚያፈስ አፍንጫውን የሚጠርግበት መሀረብ ሸልማ ሸኘችው።

መንደሩ አላረፈም። «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» እያሉ አፌዙባት። ሲናሯ ጉልበት ሲያልፍ ደግሞ ፌዙ ወደ ክስ ተለወጠ፤ ዘሩ ረግፎ ማሳችንን ሊበክል ነው ተባለ። ሽማግሌ ተቀመጠ። መምሬ ሀብተ ሥላሴ «ልጄ፣ ዘር ከልጓም ይስባል፤ ይህን ነገር እንኳን አንቺ ጎረቤቱም ሊያስቆመው አይችል» አሏት።

«አንቱ ያሉት ልክ ነው» አለች። «ከድንበሬ ያለፈውን ሲናር ሁሉ በእጄ እነቅላለሁ፤ ከድንበሬ ውስጥ ያለውን ግን ማንም አይነካብኝ።» እንዳለችውም ክረምቱን በሙሉ እሷና አሰለች የሰው ገብስ ሲያርሙ ይውላሉ። ጎረቤቶቿ እያማረሩ ማሳቸው ጸዳላቸው።

ሰባ ስድስት ላይ በልጉ ቀረ። ክረምቱ መጣሁ መጣሁ አለ፤ ሰኔ ላይ ጥቂት አካፋና ጠፋ። ገብሱ እንደበቀለ ደረቀ። ሰው መጀመሪያ ጎተራውን፣ ቀጥሎ ዘሩን በላ፤ ከዚያ አንዳንዱ ቤቱን ዘግቶ ወደ ቆቦና ወደ ኮረም ወረደ። በከተማ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ይከበራል ተብሎ ቀይ ጨርቅ ይሰቀል ነበር፤ በደጋው ግን ከዳገቱ በቀር አንድም አረንጓዴ ነገር አልነበረም። በእምቢ ባይ መሀል፣ አውድማ የምታክል መደብ ላይ፣ የደብሪቱ ምርጥ ሲናር ወገብ የሚደርስ ሆኖ ቆሞ ነበር።

ማየት ለሚችል ምክንያቱ ግልጽ ነበር። አረጋ ያስቆፈረው ጉድጓድ እስካሁን አልተደፈነም፤ በግድግዳው ላይ የሲናሩ ሥር እንደ ፈትል ተንዠርጎ ይታያል። የሌላው ተክል ሥር ስንዝር ወርዶ ሲቃጠል፣ ይኸኛው ያን መርዝ አልፎ፣ አምና የዘነበው እርጥበት እስካለበት ድረስ ወርዷል። ደብሪቱ በየማለዳው ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ ሥሩን ትዳስሰዋለች። በዚያ ወቅት ሌላ የሚያስደስታት ነገር አልነበራትም።

ሻሼ ግን ከሳች። ጠላ የሚጠምቅ ስለሌለ አተላ የለም። ገበያ ወስዳት ነበር፤ ላም የሚገዛ ቀርቶ የሚያይ ጠፋና መልሳ አመጣቻት። የቤቷን ክዳን ሣር ከጫፍ እየመዘዘች አበላቻት፤ ጣሪያው ሲራቆት ሰማዩ ከመኝታዋ ይታይ ጀመር። ሻሼ ታስራ የምትውለው ደግሞ ሲናሩ ከሚታይበት ቦታ ነው። ገመዷን ወጥራ፣ አንገቷን ወደ መደቡ አስግጋ ትቆማለች፤ የሲናሩን ሽታ ነፋሱ ባመጣ ቁጥር ትጮኻለች።

አሰለች አላስቻላትም። «አንድ እፍኝ ብትሰጫት ምን ይጎድላል? ማርያምን፣ ማን ያይሻል?»

«እኔ አያለሁ» አለች ደብሪቱ። «ለእኔ ላም አንድ እፍኝ ካጨድሁ፣ ለሰው በሬ አይታጨድም የምልበት አፍ የለኝም። ሲናሩን የሚጠብቀው ደግሞ ይህ አፌ ብቻ ነው።» ይህን ስትል እያለቀሰች ነበር።

አረጋ የመጣው በመስከረም ነው። ማጭድ የያዙ ሦስት ሰዎች አስከትሏል። ደብሪቱን መደቡ ዳር ተቀምጣ አገኛት፤ አጠገቧ ሻሼ ተኝታለች፣ መነሳት ካቃታት ሰንብታለች።

«የማህበሩ በሬዎች እያለቁ ነው» አለ አረጋ። «ይህ ሲናር ለእነሱ ይታጨዳል። ተነሺ።»

«ስንት ቀን ይበሉታል?»

አረጋ ገበሬ ነውና መደቡን በዓይኑ ለካው። «አንድ ቀን።»

«በማግሥቱስ?»

«የማግሥቱን እግዜር ያውቃል። በሬ ካለቀ ዝናብ ቢመጣ በምን ይታረሳል?»

«ዘር ካለቀስ ምን ይዘራል? የገብሱን ዘር በልተነዋል፤ አንተም በልተሃል፤ አልፈርድብህም። በዚህ አገር በአፈር ላይ የቆመ ዘር ይኸ ብቻ ነው። እስኪያሽት ተወኝ። ገለባው የበሬዎችህ ነው፤ ፍሬውን ለቀይ መሬት ባለቤት ሁሉ እሰፍራለሁ። ለአንተም።»

«አሁን እምቢ ብትይ ለሰፈራ ነው የምልክሽ።»

«ላከኝ። ግን ዘሬ ከደረሰ በኋላ ነው የምሄደው፤ ከዚያ በፊት ተሸክመህ ካልወሰድኸኝ።»

አረጋ ፊቱ ተለዋወጠና ወደ ሰዎቹ ዞሮ «እጨዱ» አለ። ሰዎቹ አልተንቀሳቀሱም። የሚያዩት ሲናሩን አልነበረም፤ ሻሼን ነበር። አጥንቷ ተቆጥሮ፣ አፍንጫዋ ለምለሙ ሣር ጥግ ደርሶ፣ አንድ አገዳ እንኳ እንዳልቀመሰች ያስታውቃል። አንደኛው ማጭዱን ወገቡ ላይ ሻጠና «ለላሟ ያልሰጠችውን እኔ አላጭድም» አለ። ሌሎቹም ማጭዳቸውን ወደ መሬት አወረዱ።

አረጋ ይባስ ተናደደ። ማጭድ ነጥቆ ገባና አንድ እፍኝ ጨብጦ ቆረጠ። ሁለተኛውን ሊይዝ ሲል ደብሪቱ እጁን ያዘችው። ቀጭን ሴት ናት፤ የያዘችው ግን አልለቀቀም። «ና» አለችና እስከ ጉድጓዱ ጎተተችው። «ግባ። አንተው ያስቆፈርኸው ነው። ብረት ስትፈልግበት የነበረው።»

ለምን እንደታዘዛት እሱም አያውቅ። ገባ። ሥሩ በግድግዳው ላይ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ወርዶ አየ። ጎንበስ ብሎ አፈሩን ከታች ጨበጠ፤ እጁ ውስጥ ተያያዘ፣ እርጥብ ነበር። አገሩ ሁሉ አመድ በሆነበት ዓመት እርጥብ አፈር! አረጋ ሊቀመንበር ከመሆኑ በፊት አራሽ ነበር፣ ከአራሽም የተወለደ። አፈሩን ለረጅም ጊዜ ጨብጦ ቆመ። ከጉድጓዱ ሲወጣ ማንንም ሳያይ ቁልቁል ወረደ፤ ስለ ሰፈራውም ከዚያ በኋላ አላነሳውም።

የቆረጠው እፍኝ መሬት ላይ ወድቆ ቀርቷል። ደብሪቱ አነሳችው። እንግዲህ የተቆረጠ ተቆርጧል፤ መልሶ አይተከልም። ሻሼ ፊት ተንበርክካ ወደ አፏ አስጠጋችላት። ሻሼ አሸተተችው። ከዚያ ሲናሩን ትታ የደብሪቱን እጅ ላሰች፤ ማኘክ አልቻለችም። ደብሪቱ እፍኟን ዘርግታ እስኪመሽ ተቀመጠች፤ ጎህ ሲቀድ ሻሼ አልነበረችም።

ሲናሩ በጥቅምት መጨረሻ አሸተ። አሰለችና ደብሪቱ በየተራ ወፍ እየጠበቁ፣ የእርዳታ ስንዴ ቆልተው እየቃሙ አጨዱት፤ አንዲት ፍሬም አልቀመሱም። ገለባውን ደብሪቱ እንደቃሏ ለማህበሩ በሬዎች ሰጠች፤ ለሁሉ ስለማይበቃ ለብርቱዎቹ ብቻ ተቆጥቦ ሁለት ጥማድ ተረፈ። በተከታዩ ክረምት ዝናብ ሲመለስ ቀይ መሬት ያለው ሁሉ እቃ እቃውን ይዞ ደጇ ተሰለፈ። አረጋ መጨረሻ ላይ መጣ፤ ስልቻውን ዘረጋ። ከሌላው እኩል ሰፈረችለትና «ከድንበርህ ካለፈ በእጅህ ትነቅላለህ» አለችው። አረጋም እሺ አለ።

ሰባ ዘጠኝ ላይ ታፈረ ተመለሰ፤ ከክፍለ ሀገር የመጡ ሁለት ሹሞች ይዞ ነበር። በእምቢ ባይ ላይ ሲናር እንደ ባሕር ተኝቶ፣ ከብት በገለባው ወዝቶ አዩ። ታፈረ ሥሩን ነቅሎ በውሃ አጠበው፤ አፍንጫውን ጠረገ፣ ብርድ ነው አለ። ከሹሞቹ አንዱ «ይህ ዘር ለሌላ አውራጃም መዳረስ አለበት። ስም ያስፈልገዋል» አለ። አረጋ ፈጠን ብሎ «ጓዶች፣ 'መስከረም ሁለት' ብንለው» አለ፤ የአብዮቱ ቀን መሆኑ ነው። ሹሙ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ስም አለው» አለች ደብሪቱ።

ሁሉም ዞሩ።

«ሻሼ ነው የሚባል።»

ሹሙ ፈገግ ብሎ «ሻሼ ማን ናት?» አለ።

አረጋ አንገቱን ደፋ።

«ያልበላችው ናት» አለች ደብሪቱ። ሹሙ አልገባውም፤ አረጋ ግን ቀስ ብሎ «ሻሼ ይባል» አለ። እስከ ዛሬም በዚያ ደጋ ስሙ ይኸው ነው።